የልብስ ሰፊዋ ንባብ

ሁለቱ እህትማማቾች እሳትና ጭድ ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ ያገናኛቸው የታላቅየዋ ዓይን ነው። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረችው መምህርት ዓይኗ ሲጠፋ ከታናሿ በቀር ጧሪ አልነበራትምና፣ አንድ ሻንጣ ልብስና ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ገፍታ ለአልጋው ቦታ አበጀች፤ እንኳን ደህና መጣሽ ግን አላለቻትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናታቸው የታመሙ ጊዜ አንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ማስታመም ነበረባት። አባታቸው ሲያመነቱ ታላቅየዋ፣ «እሷ ትቅር፤ እሷ እንደሆነ መጽሐፍ አይገባትም» አለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ታናሽ ከበሩ ኋላ ቆማ ሰማች። በኋላ በማታ ትምህርት የቀራትን ብትጨርስም ያቺ ቃል ከሆዷ አልወጣችም። ከእህቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞቷ በፊት ቃሏን በገዛ አፏ እንድታነሳ።

መምህርቷ «አንብቢልኝ» ስትላት እሺ ያለችውም ለዚሁ ነው። ለፍቅር ብላ የመሰለው ካለ ተሳስቷል።

መጽሐፉ ወፍራም፣ የድሮ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሄዳል፤ ፊት መምጣት የነበረበት አድራጊ ጭራው ላይ ይገኛል፣ መጨረሻ የሚጠበቀው ደግሞ በሩ ላይ ተገትሮ ይቀበልሃል። ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ሳምንት ላብ በላብ ሆነች።

«ታነቢያለሽ ወይስ ጠጠር ትለቅሚያለሽ?» ትላታለች መምህርቷ።

ልብስ ሰፊዋን እልህ ያዛት። ጠዋት ጠዋት እህቷ ሳትነቃ የዕለቱን ገጽ በልብስ መስፊያ ጠመኔዋ እያሰመረች ትፈታው ጀመር። አሮጌ ጃኬት ስትፈታ ገበሩን ከላዩ፣ እጅጌውን ከደረቱ እንደምትለየው ማለት ነው። ማን ነው ያደረገው? ምን አደረገ? ማንን? የቀረው ሁሉ ገበር ነው። ግሱ እስኪመጣ መታገሥ ደግሞ አልከበዳትም፤ የገዛ ቋንቋዋስ መቼ ከመጨረሻው በፊት ይነግራታል? እንዲህ ሆና ስምንት ወር አነበበች። መምህርቷ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ሳትላት አነባበቧን ስታርም ከረመች።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ። ሞቷል ተብሎ ሃያ ዓመት የተለቀሰለት የቤቱ ልጅ ይመለሳል። ዓረፍተ ነገሩ ከሰውዬው ይነሳና በለቅሶው፣ በዝናቡ፣ በኮፍያው ዞሮ ዞሮ አሮጊቷ ገረድ ላይ ያልቃል።

«ገረዲቱን አወቃት ማለት ነው» አለች መምህርቷ።

«አይደለም እትዬ። ያወቀችው ገረዲቱ ናት። ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ።»

«ዘለሽ ነው። ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛም ደገመችው። መምህርቷ ድሮ እንዲህ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ነበር የምትፈታው፤ በጆሮ ሲሆን ጫፉ ላይ ስትደርስ መነሻው ይጠፋባታል። ብርድ ልብሱን ስትጎነትል ቆይታ፣ «እና ምንድን ነው የሚለው?» አለች። እንዲህ ብላ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ቀድሞ የተጠራው ሰውዬው ነው፤ ግን ምንም አላደረገም፣ ቆሟል። አድራጊዋ መጨረሻ ላይ ናት። ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ የለየችው እሷ ናት።»

ትክክል መሆኑ ለመምህርቷ ገብቷታል። ልብስ ሰፊዋም አርባ ዓመት የጠበቀችው ቃል አሁን ይመጣል ብላ ዓይኗን እህቷ አፍ ላይ ተከለች።

«ማን ነገረሽ?» አለች መምህርቷ።

«ማን ይነግረኛል?»

«ከደንበኞችሽ አንዷ ናት። ያቺ የባንክ ሠራተኛ! እሷን አስነብበሽ ነው የምትመጪው፤ አውቄብሻለሁ።»

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። የቀረው አሥራ ሁለት ገጽ ነው። መጽሐፉን ዘግታ እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«በይ ጨርሺው። መጽሐፍ የሚገባሽ አንቺ አይደለሽ?» እትዬ አላለቻትም።

«አንቺ ክፉ!»

«ከማን ተምሬው!»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች። መምህርቷ መጽሐፉን ገልጣ፣ ተማሪ ፊት ትይዝ እንደነበረው ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ተገልብጦ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አየች። ስምንት ወር ሙሉ ስትታረም የከረመች ሴት ናት፤ እሷ ግን ተገልብጧል ብላ አላረመቻትም። ክሩን በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ ከተተች።