ደረጃ ሐ አማች

ጥፋቱ የሽማግሌዎቼ ነው። የዛሬዋን ባለቤቴን እንዲጠይቁልኝ ሺሺንዳ የላክኋቸው ባልደረቦቼ ለአባቷ «ልጁ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግብር ሕግ ያስተምራል» ብለው ነገሯቸው። አባቷ ባለሱቅ ናቸው። «ግብር» ከምትለው ቃል ወዲያ ያለውን አልሰሙም። «እሑድ ራሳቸው ይምጡ» ብለው ሸኟቸው።

እሑድ በሚኒባስ ሄድኩ። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ሱቁ ስደርስ መደርደሪያው ላይ ያለው ሳሙናና ክብሪት ብቻ ነው። ከሱቁ ጀርባ አስገብተው ጋቢ የተነጠፈበት ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ። ትንሽ ስነቃነቅ ከሥሬ ስኳር ተንኮሻኮሸ። ለካ የተቀመጥኩት ጆንያ ላይ ነው።

«ገበያው ሞቷል ጌታዬ» አሉ ሳልጠይቃቸው። «እርስዎም እንደሚያዩት ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነን። ከሐ በታች ቢኖር እዚያ ነበርን።»

ከገቢዎች የመጣሁ እንደመሰላቸው ገባኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ማስረዳት ጀመርኩ። ፓርላማው እንዳሻው ግብር መጣል እንደማይችል፣ ሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉንና የክልሉን ለይቶ እንዳስቀመጠ፣ የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«እርስዎስ የማን ነዎት?»

«ደመወዜ ከፌዴራል ነው።»

«ስለዚህ እዚህ ሱቅ ላይ ሥልጣን የለዎትም?»

«ቅንጣት ታህል!»

ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ ግን ቅርም ያላቸው ይመስላል። ቁርጥ ግብር የሚያስቀንስ አማች አገኘሁ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

«እንግዲያው ተነሣ፣ ከስኳሬ ላይ ውረድ!»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» በአንድ ትንፋሽ! አለቀልኝ አልኩ። ልቤ ስብር አለ።

«ለፌዴራልም ለክልልም ያልተሰጠ ግብር ቢገኝስ?» አሉ ጋቢውን እያጣጠፉ።

«ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ» አልኩ።

ወደ ማድቤት ዞረው በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ተጣሩ። እናትና ልጅ መጡ።

«ይቺን ልጅ ለፌዴራል የመስጠት ሥልጣን ለእኔ ብቻ አልተሰጠም። በጋራ እንወስን።»

እናቷ እጃቸውን አወጡ። እሷም ሳቋን በነጠላዋ አፍና አወጣች። አባቷ ሁለቱን እጆች አይተው፣ «ሞልቷል፣ የእኔ አያስፈልግም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውንም አወጡ። ዓይናቸውን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ሲሸኙኝ በር ላይ «አባትሽ አንተ ብለው አዋረዱኝ» አልኳት።

«ሞኝ! አባዬ እርስዎ የሚለው የሚፈራውን ሰው ነው።»

ባለፈው ሐምሌ ሱቁ ውስጥ ሳለን «ከገቢዎች መጡ» ተባለ። አማቴ ጋቢያቸውን ጆንያው ላይ ወርወር አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ቶሎ ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ።