መጋረጃ ያላት መኪና

የልጅ ልጄ ሰላም ባለፈው ሳምንት ከባሏ ጋር መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። እንግዶችን በድሬዳዋ ዙሪያ ወዳሉት ዋሻዎችና ወደ አዋሽ የሚወስዱበት፣ ውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና ሊገዙ ነው። ሁለት አግኝተዋል። አንዱ በቤንዚን የሚሄድ ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሌላው ናፍጣ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ባሏ ናፍጣውን ይላል፣ እሷ ነጩን።

«እማማ፣ አንቺ ፍረጂን። አንቺ መቼም አታዳዪም» አለችኝ።

መነጽሬን ፈለግኩ፤ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስልኩ ላይ የነጩ መኪና የውስጥ ፎቶ ወጣ። ትንሽ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ። ስልኩን በእጄ ገፋሁት። ሰላም ያመመኝ መስሏት ውኃ ልታመጣ ተነሳች። አላመመኝም። አፍሬ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ እፍረት አለኝ፤ በዚያች መስኮት ዘሎ ገባ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፣ የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ትንሽ ቆይቷል። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር የምንኖረው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰባት ነፍስ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ማንበብና መጻፍ ግን እችል ነበር፤ መናገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር አደረጉኝ። በቀበሌው ሱቅም ስኳርና ዘይት የምመዝነው እኔ ነበርኩ። ለእናቴ እንኳ አንዲት ማንኪያ ጨምሬ አላውቅም። ሰልፍ ላይ ተራ የሚያዛባ ካድሬም ቢሆን ከኋላ እንዲቆም አደርገው ነበር። ሰፈሩ «ሚዛን» የሚል ስም አወጣልኝ፣ እኔም ወደድኩት። አሁን ሳስበው ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ነው። ሰው ሚዛን ሲለኝ የማልሳሳት መሰለኝ።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት መልእክት መጣ። የውጭ አገር ሰዎች ጥለዋቸው የሄዱ ሁለት መኪኖች በመንግሥት ንብረት ግቢ ቆመዋል፤ ማኅበሩ አንዱን ይምረጥና በየሳምንቱ ሐሙስ ነርስ ይዞ ወደ ቢዮ አዋሌና ወደ አካባቢው ገጠር ይውጣ፣ ምጥ የጠናባትንም እናት ወደ ሆስፒታል ያምጣ ተባልን። ያን ጊዜ ከዚያ ወገን የምትመጣ ወላድ በቃሬዛ ነበር የምትመጣው። መንገድ ላይ የቀሩም አሉ።

መራጮቹ ሦስት ሆንን። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ እኔና አው ዩሱፍ። በእኛ ከተማ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ነውር አይደለም። አክብሮቱ ያለው «አው» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው፤ ለታላቅ እስላም ሰው ትባላለች። አው ዩሱፍ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲንና የሐረርን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሰ ሰው ነው። የራሱ መኪና በጦርነቱ ተቃጥሎበት ሥራ ፈትቶ ነበር። የምንመርጠውን መኪና እሱ እንዲነዳ ቃል ተገብቶለታል። ስድስት ልጆቹ ያችን ሥራ ይጠብቁ ነበር።

ግንቦት ነበር፤ የድሬዳዋ ግንቦት። ወደ ግቢው ስንገባ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ይንጣጣል። አው ዩሱፍ መንገድ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ ገዝቶ ነበርና ለሦስታችን አካፈለን። ለእኔ ሁለት ሰጠኝ። «ሚዛን ነሽና ትልቁ የቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ናፍጣዋ ኋላዋ ሸራ የለበሰ፣ ጎኗ የተጨራመተ፣ ጎማዎቿ ትልልቅ የሆኑ መኪና ናት። ሁለት ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች አሏት፣ ሌላ ምንም የላትም። ሌላዋ ነጭ ናት። አንድ ፈረንጅ ከነሚስቱ እየተዘዋወረ ይኖርባት ነበር አሉ። በሯን ከፍቼ ገባሁ። የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሁለት ዓይን ያላት ትንሽ ምድጃ፣ ከኋላ ደግሞ አልጋ። በመስኮቶቿ ላይ አበባ ያለበት ቢጫ መጋረጃ ተሰቅሏል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ማንም እንደማያየኝ ሳውቅ ጋደም አልኩ። መጋረጃውን ሳብኩት። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በተዘጋ ቤት ውስጥ ተኛሁ፤ ከደቂቃ አይበልጥም። ወላዶቹ በዚህ አልጋ ላይ ቢተኙ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው።

ስወጣ አው ዩሱፍ ካርቶን አንጥፎ ናፍጣዋ ሥር ገብቷል፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ሁለቱንም ኮፈኖ ከፍቶ፣ ሁለቱንም ሞተር አስነስቶ፣ ጆሮውን ደግኖ ሲያዳምጥ ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ነጯ ቆንጆ ናት፣ ወላሂ። ግን ቤንዚን ትጠጣለች፤ ቤንዚን ደግሞ በኩፖን ነው የሚሰጠው። ሆዷም ዝቅ ያለ ነው፣ አሸዋ ላይ ትተኛለች። ናፍጣ ከማንም ሹፌር ለምኜ አገኛለሁ። ያቺን ውሰዱ፣ አልጋ ከፈለጋችሁ ፍራሽ እናነጥፋለን» አለ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ሰበብ ፈለግኩ። ድሃ እናት ስለሆነች ነው እንጨት ላይ የምትጫነው? ፈረንጅ የተኛበት አልጋ ለገጠር ሴት በዛባት? እኩልነት ይሄ ነው? እያልኩ ተናገርኩ። አው ዩሱፍ ወደ ናፍጣዋ ተመልሶ ኮፈኖዋን ዘጋ። ውሳኔው ለሕዝብ ስብሰባ ይቅረብ ተባለ።

ከግቢው ስንወጣ ረስቼው የወጣሁትን ነጠላዬን ለማምጣት ተመለስኩ። የግቢው ጠባቂ የአው ዩሱፍ ሚስት ወንድም ነው። ሁለቱ ጥላው ሥር ቆመዋል። ጠባቂው ዙሪያውን አየና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለአው ዩሱፍ ሰጠው። እሱም ሽርጡ ውስጥ ሸጎጠው።

የፈለግኩትን አገኘሁ። ነጯን ለአንድ ባለሥልጣን ሊያስቀሯት ነው፣ ለአው ዩሱፍም ከፍለውታል አልኩ ለራሴ። ሄጄ «አው ዩሱፍ፣ ምንድን ነው የያዝከው?» ብለው ኖሮ በአንድ ጥያቄ ያልቅ ነበር። አልጠየቅኩም።

በየአሥራ አምስት ቀኑ በቀበሌው አዳራሽ ሂስና ግለ ሂስ ይደረግ ነበር። አንዱ ይነሳና የሌላውን ጥፋት ይናገራል፤ የተነገረበት ራሱን ይወቅሳል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በዚያ ዘመን እዚያ የተነገረ ነገር ከአዳራሹ ጋር አይቀርም፤ ሰውየውን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ እጄን አወጣሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አው ዩሱፍ ስለው የኖርኩትን ሰው «ጓድ ዩሱፍ» ብዬ ጠራሁት። ከዘመዱ ጋር ተመሳጥሮ የእናቶችን ንብረት ሊያስቀር እንደሞከረ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሲቀበል በዓይኔ እንዳየሁ ተናገርኩ። ነጯ ውስጥ ጋደም ስለማለቴ አልተናገርኩም። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሚዛን ያለችውን ማን ይጠራጠራል?

አው ዩሱፍ ተነሳ። ግለ ሂስ አላደረገም።

«ልጄ ያየችውን አይታለች። ያላየችውን ግን አልጠየቀችኝም» አለና ተቀመጠ።

ዝም ብንል ኖሮ ቃሉ ይደርሰን ነበር። ማንም ዝም አላለም፣ ተጨበጨበ። ነጯ ተመረጠች። አው ዩሱፍ ከኮሚቴው ወጣ፣ የሹፌርነቱም ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሠርግ ይመስል ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ከተማው መኪናዋን «ሙሽሪት» አላት። እኔ ከፊት ተቀምጬ ደቻቱ ድልድይ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ እንደ ሹም ሰላም አልኩ። በሁለተኛው ወር ኩፖኑ በወር ለሁለት ጉዞ ብቻ የሚበቃ ሆነ። አንዱን ሐሙስ ወጥተን ቀጣዩን እንቀራለን፤ አንዳንዴ ጭራሽ አንወጣም። ሐሙስ ሐሙስ ገጠር መንገድ ዳር የሚጠብቁን ሴቶች ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ይመለሳሉ ሲባል እሰማ ነበር። ካሳፋሪው ነገር ሁሉ ይህ ትንሹ አይደለም።

ሐምሌ ላይ ከቢዮ አዋሌ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት፣ ፋጡማ የምትባል፣ ከአማቷ ጋር ይዘን ስንመለስ ደረቅ ወንዝ መሐል አሸዋው ላይ ተኛን። የመኪናዋ ሆድ መሬት ነካ። ሹፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር ጎማው ይቆፍራል። በተራራው ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እላይ ከዘነበ ያ ወንዝ እንዴት እንደሚመጣ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። በእጃችን አሸዋ እንዝቃለን፤ ፋጡማ እዚያ አልጋ ላይ፣ ከዚያ መጋረጃ ኋላ ታቃስታለች። አማቷ አሮጊት ናት። ወረደችና መኪናዋን ዞራ አየቻት። በኦሮምኛ ያለችው አሁንም በጆሮዬ አለ።

«ቤቱስ ቤት ነው። መኪናው የታለ?»

የሽንኩርት ጆንያ የጫነ የናፍጣ መኪና ደረሰልን። ፋጡማን ተሸክመን ጆንያዎቹ ላይ አወጣናት፤ ነርሷም እኔም አብረን ወጣን። ከተማ ሳንገባ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። የተረፉት ግን በእኔ ምርጫ አይደለም። ሸራ በለበሰ፣ ከነጯ ይልቅ እኔ የጣልኳትን በሚመስል መኪና ነው። ሽንኩርት ስልጥ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ነጯን ጎርፉ ሳይደርስባት በማግሥቱ ጎትተው አወጧት። ከቀበሌው ቢሮ ጀርባ ቆመች፤ ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ጣሉባት። ያኔ ናፍጣዋን እንለምን ብዬ ወደ ንብረት ግቢ ሄድኩ። ጠባቂው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥታ መሄዷን ነገረኝ።

«እንዴት ሄደች? ያን ያህል አሮጌ ሆና?» አልኩት።

«ቺንጋዋ ተበልቶ ነበር። ዩሱፍ የመጣችሁ ቀን አሮጌውን ከእኔ ወስዶ መጋላ ገበያ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ አምሳያውን ገዛ። በወረቀት ጠቅልዬ የሰጠሁት አሮጌውን ነው፤ ከግቢው ዕቃ ማውጣት ክልክል ስለሆነ ነበር የደበቅነው። ካባረራችሁት በኋላም መጥቶ ገጠመላት። ተው ስለው፣ መኪናዋ ምን አደረገች አለኝ።»

ቺንጋ። አንዲት ጥቁር የሞተር የጎማ ቀበቶ።

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ የቡና ቅጠል በወተት አፍልታ አቀረበችልኝ። እንደተሳሳትኩ፣ ያለ ጥፋቱ እንደበደልኩት ነገርኩት። ስለ አልጋውና ስለ መጋረጃውም ነገርኩት። እስኪበቃኝ አዳመጠኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አለ። «ግን አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እዚህ የሉም።»

በሚመጣው ስብሰባ እናገራለሁ አልኩት። እውነቴን ነበር። ስብሰባው ደረሰ፣ እጄን አወጣሁ፣ ዕድል ተሰጠኝ፣ ተነሳሁ። አዳራሹ ሁሉ አየኝ። ስለ ስኳር እደላ ተናገርኩና ተቀመጥኩ። ተጨበጨበልኝ። አው ዩሱፍ በሩ አጠገብ ነበር፤ ቆይቶ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ አዳራሽ አልመጣም። የቀን ሥራ እየሠራ፣ የሌላ ሰው መኪና እየጠገነ ልጆቹን አሳደገ። ሥርዓቱ ሳይለወጥ አረፈ። ቀብሩ ላይ ከኋላዬ አንዱ ሌላውን «ያ የመኪናው ነገር ያለበት ሰውዬ ነው አይደል?» ሲለው ሰማሁ። ያኔም ዞር አላልኩም።

ይህን ሁሉ ለሰላምና ለባሏ ነገርኳቸው። ሰላም አለቀሰች፤ ልጅ ነበርሽ፣ ዘመኑ ነው አለችኝ። አይደለም አልኳት። ዘመኑ አዳራሹን ሠራ፤ እጁን ያወጣው ሰው እኔ ነኝ። ስለ መኪናው ደግሞ በመንገዱ የሚነዳውን ሰው ጠይቁ፣ መልሱንም እስከ መጨረሻ ስሙት አልኳቸው። ሌላ ፍርድ የለኝም። ሚዛን የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲጠራኝ አልፈቅድም።

ስሙን በሕዝብ ፊት ያጠፋሁትን ሰው በጓዳ ይቅርታ ጠየቅኩ። በሱቁ ሚዛን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሰው ቢመጣብኝ ሌባ እለው ነበር። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። ከአዳራሹ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ያላችሁት ግን፣ ልጆቻችሁም፣ የአው ዩሱፍ የልጅ ልጆችም ይህን ካነበባችሁ ስሙኝ። እሱ ጉቦ አልተቀበለም። ወረቀቱ ውስጥ የነበረው ቺንጋ ነው።