ፈረሴን ሌላ ሰው ሲጋልበው

መጀመሪያ የተሰማኝ በጥምቀት ጠዋት፣ ኮርቻ ሳነሣ ነው። ቀኝ ጎኔን ከብብቴ ዝቅ ብሎ ወጋ አደረገኝ። ትንፋሽ ስስብ ይወጋኛል፣ ስተነፍስ ይተወኛል። ብርድ ነው አልኩ። የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉን ነገር ብርድ ነው ብሎ ያልፋል፤ እኔም አለፍኩት።

ያን ጊዜ አምሳ ዓመት አልፎኛል። ታቦት ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ከሚጋልቡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠኝ አልነበረም፤ እኩዮቼ አንድም ሞተዋል፣ አንድም ፈረሱን ትተው በቅሎ ላይ ወጥተዋል። እኔ ግን ገስግስ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረኝ። ባገራችን ደኅና ጋላቢ በፈረሱ ስም ይጠራልና፣ አባ ገስግስ ነበርኩ። የክርስትና ስሜን ከንስሐ አባቴና ከባለቤቴ ከአስካለ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ቀን የአስካለ ታናሽ ወንድም ጥላሁን በተዋሰው ፈረስ ሊጋልብ መጣ። ገና ጎረምሳ ነው፣ ወገቡ እንደ ሸንበቆ የሚተጣጠፍ። ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ቢያርፉ ምን አለበት?» አለኝ። ይህን ሰምቼ ጎኔን አሞኛል ልል? ሞቼ እገኛለሁ።

ጋለብኩ፤ ቀደምኩትም። ከዚያ ላቤ ሳይደርቅ፣ ጋቢ ሳልደርብ፣ ምስጋናውን እየሰማሁ ነፋሱ ላይ ቆየሁ።

ማታውን ተንቀጠቀጥኩ። በማግስቱ ትኩሳት። ከዚያ ሳል። በሳልኩ ቁጥር ጎኔ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። በቀኝ ስተኛ ያመኛል። በግራ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል። ተቀምጬ አደርኩ።

የጎን ውጋት ነው ተባለ። በዳማከሴ ታሸሁ፣ ፌጦ ጠጣሁ። ዋግምት የሚያወጣ ሰው ተጠርቶ ጎኔን በጥቶ ቀንድ ደፋበት። ደሙ ሲወጣ ለጊዜው ቀለል አለኝ፤ ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ቆይቶ ውጋቱ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። ለካ አልዳንኩም። ከመደቤ እስከ በሩ መሄድ አቃተኝ።

ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው አንኮበር አደረሱኝ። ከከተማው ዝቅ ብሎ የሰፈረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አለ ሲባል ሰምተዋል። ሰውየው ጋን ሞላ ጎደለ እንደሚያይ ሰው ጀርባዬን በጣቱ አንኳኳ። ጆሮውን ለጠፈብኝ። «ፕለውሪት» አለ። አስተርጓሚው፣ «ሳንባውን የሸፈነው ስስ ቆዳ ተቆጥቶ ውሃ ቋጥሯል። ውጋቱ የጠፋው ውሃው ስለበዛ ነው። ካልወጣ ያፍንዎታል፤ ይላል» አለኝ።

በጎድኖቼ መካከል ቀዳዳ ያለው መርፌ አስገባ። አይሳሉ አለኝ። አልሳልኩም። ጠጅ የመሰለ ውሃ ወረደ። ብዙ ነው። አየር ገባልኝ። አለቀስኩ።

«እስከ መስቀል ፈረስ ላይ እንዳይወጡ» ብሎ አሰናበተኝ።

እንግዲህ ትልቁ በሽታዬ የጀመረው እቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። አስካለ፣ «ፈረሱ ቆሞ ሊበላሽ ነው፣ ጥላሁን ያናፍሰው እንጂ» አለችኝ፤ ምን እላለሁ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ የገስግስን ኮቴ ከደጅ ሲወጣ እሰማለሁ፣ ሲመለስም እሰማለሁ፣ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ የት ደርሰው ይሆን እያልኩ ስቃጠል እውላለሁ። ፈረሱ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ማሽካካት ጀመረ። ለእኔ እንዲያ አሽካክቶ አያውቅም። አስካለም ወንድሟ ደክሟል ብላ ከእኔ አጥሚት ቀድማ የእሱን ምሳ ታቀርባለች፤ ይህንም አየሁ፣ ቆጠርኩትም።

አንድ ቀን ከእነዋሪ ገበያ የተመለሱ ሰዎች ሊጠይቁኝ ገቡ። «እግዜር ይማርዎ» ብለው ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው፣ «አባ ገስግስን ገበያ አየነው። አቤት አቀማመጥ!» አለ። ጥላሁንን ማለቱ ነው። ታምሜ አልጋ ላይ ብውል ስሜን ይዞብኝ ሄደ። እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁላቸው።

መስቀልን የት ልጠብቅ! በነሐሴ፣ ጥላሁን ቤተ ክርስቲያን በሄደበት፣ ኮርቻውን እየጎተትኩ ወጣሁና ፈረሴን ጫንኩት። እስከ በሬሳ ወንዝ ጋለብኩ። የሌላ ሰው እጅ ለምዶ ኖሮ ልጓሙን ነጥቆኝ ሊሄድ ደረሰ። ዝናብ መታኝ። ስመለስ ከንፈሬ ጠቁሯል።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ውሃውም ተመለሰ። አስካለ፣ «ለፈረስ ብለው ሊሞቱብኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። እነዚያው ጎረቤቶች በጭቃ ተሸከሙኝ። ጥላሁንም ከፊት ነበር የተሸከመው፤ ትከሻው ሲላጥ እያየሁም ቀናሁበት። ትንፋሹ አላጠረውማ።

ሐኪሙ ዳግመኛ ወጋኝ። ተቆጥቷል። «ሦስተኛ ከመጡ ቄስ ይዘው ይምጡ» አለ። የሚመጣውን ጥምቀት እጋልብ እንደሆነ ስጠይቀው አስተርጓሚው አፍሮ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም ነበር። በመጨረሻ መልሱ መጣ፦ «እስኪሻልዎ ከተኙ፣ በጭምት ፈረስ ይሞክሩ። ልጓም የሚነጥቀውን ግን ለሌላ ይተዉት። ደረትዎ አይችለውም።»

በዚህ ጊዜ ታዘዝኩ። ወተት ጠጣሁ፣ ፀሐይ ሞቅሁ፣ እንዳዘዘኝ ጠዋትና ማታ ክንዴን ወደ ላይ እያነሣሁ ትንፋሼን እስከ መጨረሻው ሳብኩ፤ በጥቅምት ያለ ምርኩዝ ደጅ ወጣሁ፣ በኅዳር አጨዳ ለማየት ሜዳውን ተሻግሬ ሄድኩ፣ በታኅሣሥ የጎረቤቴን አሮጊት ባዝራ ተውሼ በሶምሶማ ጀመርኩ።

የጥምቀት ዕለት የገስግስን ልጓም ለጥላሁን ስሰጠው እጄ አልላቀቅ አለኝ። እሱም አልጎተተም፤ እስክለቀው ቆመ። እኔ ባዝራይቱ ላይ ወጣሁ። ስንለቀቅ ሁሉም አለፉኝ፤ አቧራቸውን ዋጥኩ። ከሁሉ መጨረሻ ደረስኩ። ትንፋሼ ግን ሙሉ ነበር።

ስደርስ ሰዉ ጥላሁንን ከቦ፣ «አባ ገስግስ! አባ ገስግስ!» ይላል። ከሁሉ ቀድሞ ገብቷል። ምናለ በሞትኩ አልኩ። ጥላሁን ጦሩን ነቅንቆ ሊፎክር ተነሣ።

«ዘራፍ! የአባ ገስግስ አሽከር!» አለና ጦሩን ወደ እኔ ዘረጋ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መጨረሻ የገባሁ ሽማግሌ ነኝ፣ አሮጊት ባዝራ ላይ። እንባዬን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ።

ፈረሱን በዚያው ሰጠሁት። ቅናቱ ወጣልህ ወይ ብትሉኝ አልወጣም፤ በደጄ ሲያልፉ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

የተሸከሙኝን ጎረቤቶች፣ ያን ቁጡ ሐኪም፣ አስካለንና ወንድሟን እግዜር ያክብርልኝ። አንተም ጎንህን የሚወጋህ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና በመጀመሪያው ቀን ተናገር። ከግልቢያ ስትወርድ ላብህ ሳይደርቅ ጋቢ ደርብ። ውጋቱ ድንገት ቢጠፋ ዳንኩ አትበል፣ ትንፋሽህን ተመልከት። በአንተ ፈንታ ሌላው ሲጋልብ ከሰማህም ቅና፤ እኔም አልተውኩት፣ አንተም አትተወውም። ግን ተኝተህ ቅና።