ሸዋአለምና ማንም ያላየው ነገር

ሸዋአለም ካርቱም ስትገባ ገና ልጅ እግር ነበረች። ከደንቢያ ተነሥታ በመተማ ተሻገረችና ከካርቱም ወንዝ ማዶ ኦምዱርማን አንድ ነጋዴ ቤት ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ለካ ሰውየው በዚያ አገር የተከለከለውን አረቄ በጓሮ ተደብቆ ያወጣ ኖሯል። ፖሊስ ሲመጣ እሱን ብቻ ይዞ አልሄደም፤ የሳሙናው አረፋ ከእጇ ሳይለቅ እሷንም ጭኖ ወሰዳት። አሥራ አንድ ቀን ታሰረች። "ምንም አላውቅም" ብትል ማን ሰምቷት! ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጓሮውን ሆነ።

ማንሺያ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ኋላ የተቀጠረችበት የዶክተር ሙስዐብ ቤት ጓሮ ግን ንጹሕ ነበር። አንድ የኒም ዛፍ፣ ሁለት የውሃ እንስራ፣ በቃ። ዶክተሩ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እየበሉ እንኳ ያሰላሉ። ሰባት ዓመት አብራቸው ስትኖር አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ኢቃማዋን፣ ያው የመኖሪያ ፈቃዷን፣ በየዓመቱ የሚያሳድሱላት እሳቸው ናቸው፤ ፓስፖርቷም በሳቸው መሳቢያ ይቀመጣል። አገሯ የቀራት ዘመድ የለም። ከካርቱም ብትባረር የምትገባበት ደጃፍ አልነበራትም።

ደቡብ ሱዳን ተለይቶ አገር በሆነ ማግሥት ነው ነገሩ። ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለ ወርቅ ነበር የሚያወራው፤ ጎረምሳው ሁሉ ሊቆፍር ወደ ሰሜን ይጎርፍ ነበር። ዶክተሩም ያን ጊዜ አዲስ ሥራ ጀመሩ። ትልቅ ቀይ ኳስ መሀል አድርገው፣ ቢጫ ቢጫ ትንንሽ ኳሶች በሽቦ ይሰኩባታል። አይተው አይተው ነቅለው እንደገና ይሰካሉ። በስልክ ደግሞ "ሜርኩሪ"፣ "ወርቅ" ይላሉ።

ጎረቤት የምትሠራውን የወሎዋን ዘሊካን በአጥር ላይ አጫወተቻት።

"እትዬ ሸዋ፣ ሰውዬሽ በዚህ ዕድሜያቸው ኳስ ጀመሩ?"

"አትሳቂ። መሀሉ ቀይ ነው፤ ዙሪያው ቢጫ።"

የዘሊካ ሳቅ ቀጥ አለ። "ቢጫው ወርቅ ነዋ! ቀዩስ?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ወላሂ ዚብቅ አሕመር ነው! ቀይ ሜርኩሪ! ጂን የሚጠሩበት፣ ወርቅ የሚያበዙበት። ስንቱ በሱ ታሰረ መሰለሽ! አሮጌ የስፌት መኪና ውስጥ ነው የሚገኘው አሉ። የስፌት መኪና አላቸው?"

ሸዋአለም ከአጥሩ ፈቀቅ አለች። አላቸው። የሟች ሚስታቸው ነው፤ ከመጻሕፍቱ ክፍል ጥግ፣ ላዩ ወረቀት ተከምሮበት ተቀምጧል። "እዚያ ያለውን ወረቀት እንዳትነኪ" ያሏትም ትዝ አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቃት፤ ምግብም አስጠላት። ያንን ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ትጠርግ ጀመር። የመኪናውን መሳቢያ ከፍታ መርፌና ቁልፍ ብታገኝ፣ "ሜርኩሪውን አውጥተውታል ማለት ነው" አለች። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ፣ የሻይ ሰሃኑን እንደያዘች በር ላይ ቆመች።

"እስካሁን ማንም አልሠራውም" ይላሉ ዶክተሩ።

"ቢሠራስ በቅጽበት ይጠፋል" ይላል እንግዳው።

ማንም ያልሠራው፣ በቅጽበት የሚጠፋ! ምን ቀራት? ከሻ የሚሉት አፈሳ ደጁን ሲያንኳኳ ታያት።

ሐሙስ ቀን፣ ዶክተሩ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ፣ ፓስፖርቷን ወስዳ ልትወጣ የዶክተሩን መሳቢያ ከፈተች። ፓስፖርቱ የለም። ወረቀቱን ሁሉ እያመሰች ሳለ ዶክተሩ ከበሩ ቆመው አየቻቸው።

"አንቺ ሸዋ፣ ምን ጠፋሽ?"

"ፓስፖርቴ! ስጡኝ፤ ልሄድ ነው።"

"ወዴት?"

"ዚብቅ አሕመር ወደሌለበት ቤት!"

ዶክተሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቀይዋን ኳስ አነሡና "ይቺ ኮፐርኒሺየም ትባላለች" አሏት። "በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ ከሜርኩሪ ሥር ናት፤ ግን በጣም ከባድ። በተፈጥሮ የለችም። ሩቅ አገር በትልቅ ማሽን አንድ ሁለት ፍሬ ሠርተው፣ ብዙም ሳትቆይ ፈረሰች። እኔ ደግሞ ከወርቅ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ብትያያዝ ምን ዓይነት ሞለኪውል ይወጣታል እያልኩ በወረቀት አሰላለሁ። ሞለኪውሉን ማንም አላየውም። እኔም ሳላየው እሞታለሁ።"

"ታዲያ የሌለ ነገር ነው የሚሠሩት?"

"የሌለ።"

"ማን አዘዝዎት?"

"ማንም።"

"ፖሊስ ቢመጣስ?"

"የለም እለዋለሁ።"

"የኦምዱርማኑ ጌታዬም የለም ነበር ያሉት።"

የዶክተሩ ሳቅ ጠፋ። ሰባት ዓመት አንድም ቀን ስለዚያ እስር ነግራቸው አታውቅም። ቁጭ አሉና እንድትነግራቸው ጠየቋት፤ አሥራ አንዱንም ቀን ነገረቻቸው። ሲያበቃ ከደረት ኪሳቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረሰኝ አወጡ። ፓስፖርቷ ለኢቃማ እድሳት ከገባ ሰባት ቀን ሆኖታል።

"ሳይነግሩኝ?" አለች።

"ሁልጊዜም ሳልነግርሽ ነው የማደርገው" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤ ያን ዕለት ገና የታያቸው ይመስል ነበር።

እሑድ በካርቱም የሥራ ቀን ነው፤ ጠዋት በታክሲ ወደ መሥሪያ ቤቱ አብረው ሄዱ። ጸሐፊው ፓስፖርቱን ለዶክተሩ ሲዘረጋ እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። "የሷ ነው፤ ለሷ ስጥ" አሉት። ሸዋአለም ተቀብላ ፎቶውን አየች፣ ማኅተሙን አየች፣ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ከዚያ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ዶክተሩ እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት አብራቸው ኖረች። ማንም ያላየውን ነገር ማስላታቸውን አልተዉም፤ እሷም ክፍሉን በቀን ሁለት ጊዜ መጥረጓን አልተወችም። ኢቃማዋን ለማሳደስ ግን ከዚያ ወዲያ ራሷ ነበር የምትሄደው።