የመቀስ ሸሚዝ

ዕድሜውን ማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጥ የኖረውን ሰው ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። ማሽኑ ቀኝ እጁን ከወሰደበት በኋላም ስሙን አልቀየሩለትም፤ እሱም አልከፋውም። የከፋው በሌላ ነው።

ከጉዳቱ በኋላ ሁለት ጡረታ ያገኝ ነበር። ከመንግሥት የሚመጣውን የአካል ጉዳት ጡረታ ግብር አይነካውም። ማተሚያ ቤቱ ካቋቋመው ፈንድ የሚመጣው ግን እንደ ደመወዝ ይታያል፤ ተቀባዩ ራሱ አሳውቆ ግብር ይከፍልበታል። ይህን ማን ነገረው? ማንም። መጀመሪያ የሄደበት የግብር ቢሮ ጸሐፊ «የጉዳት ገንዘብ ግብር የለውም» ብሎት መስኮቱን ዘጋ። መቀስ ለሁለቱም መሰለው። ቆይቶ ነገሩ ሲሸተው ግን ሄዶ እንደመጠየቅ አፉን ዘጋ። እዚህ ላይ አላዝንለትም። ስህተቱ የቢሮው ነው፤ ዝምታው የራሱ።

አንድ ቀን ከግብር ቢሮ ተደውሎ፣ ያላሳወቁት የጡረታ ገቢ አለና መጥተው ያስረዱ ተባለ። ስልኩን ሲዘጋ ያሰበው ምን ልክፈል ብሎ አይደለም፤ ማን አሳበቀብኝ ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ሆነበት። ባለሱቋ ደህንነቱን ብትጠይቀው ምን ፈልጋ ነው አለ። ጎረቤት ደረጃው ላይ ቢስቅ ቆሞ አዳመጠ። በመጨረሻ ጥርጣሬው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ላይ አረፈ፤ ልብስ ሰፊው ላይ። ከቤት ውጭ ስለ ሁለተኛው ጡረታ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

መቀስ በአንድ እጅ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሚስቱ እንደ ሕፃን ስታለብሰው፣ የሸሚዞቹን ቁልፎች አውልቆ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ በሚገጥም የቀየረለት ይኸው ሰው ነው። ሰፍቶ ሲጨርስ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ እያንዳንዱን በግራው ብቻ ይሞክረዋል። ይህንን ሰው ነው መቀስ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ ደንበኛ ፊት፣ «የእህትህን ጉሮሮ ዘጋህ» ያለው።

ልብስ ሰፊው ዝም አለ። ዝምታውም ማስረጃ ሆነበት። ቢናገርም ይሆንበት ነበር፤ ተጠራጣሪ ማስረጃ አጥቶ አያውቅም።

ቢሮ ሲሄድ ገና ሳይቀመጥ ጠቋሚው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ጠቋሚ የለም፣ አባቴ» አለችው ሠራተኛዋ። «ለማን ምን እንደከፈለ ፈንዱ ራሱ በየዓመቱ ይልክልናል።»

አላመናትም። ደጋግሞ ሲነዘንዛት ኮምፒውተሩን አዞረችለት፤ ከስሙ በላይም በታችም የማተሚያ ቤቱ ጡረተኞች ተደርድረዋል። የኋላውን ግብር ከነቅጣቱ ከፈንዱ ጡረታ ላይ ቀስ በቀስ እንዲቆረጥ ተስማማ። ታዲያ በየዓመቱ እየደረሳችሁ ያኔውኑ ያልነገራችሁት እስኪከመር ነው? መቀስ ይህን አልጠየቀም። እኔ እጠይቃለሁ።

ከቢሮው በቀጥታ አዲስ ሸሚዝ በብብቱ ይዞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ።

«ከግብር ቢሮ ታርቀህ እኔ ቀረሁህ፣ ጋሼ?»

«አዎ፣ ቀረህኝ።»

«የሰደብከኝ እኮ ሰው ፊት ነው።»

ሱቁ ባዶ ነበር። መቀስ አንዲት ሴት ቀሚሷን ልትወስድ እስክትመጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስትገባም በእሷ ፊት፣ «ይህን ሰው በሐሰት ነው የወነጀልኩት» አለ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቀሚሷን ይዛ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ተቀበለ። ቁልፎቹን ቀይሮ ሲያበቃ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ በግራው ይሞክራቸው ጀመር። መቀስ እያየው ቆየ። ከዚያ በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግን ለማንም አልነገርክም፣ አይደል?»

ልብስ ሰፊው የመጨረሻውን ቁልፍ ጠቅ አደረገና ሸሚዙን ወረወረለት።