ለአባቴ ያሰማሁት ኮድ

የምሠራው ከጣና የሚወጣውን ዓሣ የሚመዘግብ ቢሮ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በየወደቡ የተመዘነው ይላክልኛል፤ እኔ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር አስተያያለሁ። ድሮ ሁለት ነበርን። ፊት ለፊቴ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዬ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አሁን ወንበሩ ጃንጥላ ማንጠልጠያ ሆኗል። ምትክ ይመጣል ከተባለ ሰንብቷል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ይህን የሚያሰላልኝን የኮምፒውተር ኮድ ሳየው ራሴን ታዘብሁ። ሦስት ፈንክሽኖች፣ ማለትም ቁጥር ተቀብለው ውጤት የሚሰጡ ሦስት ትንንሽ የትእዛዝ ስብስቦች፣ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም ወደቦቹን አንድ በአንድ እየዞሩ የሁለቱን ዓመት የዓሣ ክብደት ያገናኛሉ። አንዱ ይቀንሳል፣ አንዱ ያካፍላል፣ አንዱ የቱ እንደሚበልጥ ይጠይቃል። ከሒሳብ ምልክቷ በቀር አንድ ፊደል አይለያዩም። ሦስት ዓይነት ወጥ ለመሥራት ሦስት ምድጃ እንደመገንባት ነው።

ታዲያ ምልክቷን ብቻዋን ለፈንክሽኑ ላቀብለው ብዬ ከቁጥሮቹ ቀጥሎ መቀነሻን ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ተቆጣ፤ መቀነሻ ግራና ቀኝ ቁጥር ይፈልጋል። ምሳዬን ሳልበላ ስታገል ቆይቼ በሁለት ያዘመሙ ጭረቶች መካከል ሳስገባት እሺ አለኝ። ለካ ምልክቷም ራሷ ፈንክሽን ኖራለች፤ እንደ ቁጥር ሁሉ ለሌላ ፈንክሽን ማቀበል ይቻላል። ሁለቱን ፈንክሽኖች አጥፍቼ በቀረው አንዱ ሦስቱንም ሥራ ሠራሁ።

ደስታዬን አልችለው አልሁ። ቀና ስል ማንም የለም። ለባልደረባዬ ደወልሁ፤ «ጎበዝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ወጥቼ በሐይቁ ዳር ሄድሁ። ሰዉ ጀልባ ይጠብቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ማንን አስቁሜ ስለ መቀነሻ ልንገረው? ሲከፋኝ የሚያጽናናኝ ሰው አላጣም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ደስታ ግን ሰው የለኝም።

በመጨረሻ ለአባቴ ደወልሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጎርጎራ አጠገብ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ አስተምረዋል። ያገኘሁትን ስነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለማን አሰማሽው?» አሉ። በእሳቸው የዜማ ጉባኤ በቃሉ የያዘውን ቀለም ለጓደኛው መልሶ ያላሰማ ተማሪ፣ ተማረ አይባልም።

«ለማንም፣ አባባ። ማን አለኝ?»

«እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። እኔ ልያዘው።»

ጀመርሁ። እየተከተሉ ደገሙት። ማካፈያው ላይ ሲስቱ አረምኋቸው፤ እንደገና አሉት። የምር ይዘውታል።

«ይህ እኮ ለእርስዎ ምንም አያደርግልዎትም» አልኋቸው።

«ተማሪዎቹ ከተበተኑ ወዲህ» አሉ፣ «የማርመውም የሚያርመኝም የለ። ድጓውን የማሰማው ለግድግዳ ነው።»

ቀጥለውም ጠየቁኝ።

«ነገሳ ምን ታሰሚኛለሽ?»

«ነገ ተራው የእርስዎ ነው» አልሁ። «እርስዎ ያሰሙኝ፣ እኔ እይዛለሁ።»

«እንግዲያው ድጓውን ከአሁኑ ላውጣ» አሉ። ስልኩን ሳይዘጉት ገጽ ሲገልጡ ሰማኋቸው።