ከኋላ የሚመጣው አሜን

ስልኩ ሲደወል ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ፖሊስ ነው፣ ከዙሪክ። የሰውዬው ፈረንሳይኛ እንደ እኔ ጀርመንኛ የተሰባበረ ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሽሊረን፣ የትራም ማቆሚያ ላይ አንዲት ሴት ወድቃ ሞታለች። መታወቂያ አልያዘችም። ቦርሳዋ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ ተገኝቷል፤ በመሀሉ የእኛ ጉባኤ የጸሎት ጥሪ ወረቀት አለ፤ ከታቹ ደግሞ የእኔ ስልክ። እስካሁን የእኔ ናት ያለ ሰው የለም። መጥተው ያዩልን ይሆን ወይ ነው ጥያቄው።

ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ እሁድ እሁድ ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ አውቃለሁ ባይም ነበርኩ፤ የማን የመኖሪያ ፈቃድ እንዳለቀ፣ የትኛዋ ከባሏ እንደተኳረፈች፣ የማን ልጅ አማርኛ አልናገርም እንዳለ። ስለዚህ ባቡር ስሳፈር የፈራሁት እንዳላውቃት ሳይሆን እንዳውቃት ነበር።

የአስከሬን ክፍሉ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ንጹሕ ነው። አንዲት ሠራተኛ ጨርቁን እስከ አገጯ ገለጠችልኝ። የአገሬ ልጅ ናት፣ እሱ ያስታውቃል። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አላስታወሰኝም።

«አላውቃትም» አልኩ።

ፖሊሱ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። እንደመቆጣት አደረገኝ። የእኛ ሰው ብትሆን እንዴት አላውቃትም? አልኩት። ማንም ካልተገኘ ምን እንደሚሆን ስጠይቀው ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብራታል አለኝ፣ ያለ ስም። አገር ቤት የምትጠብቅ እናት ትኖራት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አዘንኩም። ግን ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከእኛ አይደለችም። የያዝኩትን ሳንድዊች አውጥቼ በላሁ።

እሁድ መጣ። እኛ ስንጸልይ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እህቶች አሠሪዎቻቸው ቶሎ ስለማይለቋቸው ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ጸሎት እንዳያቋርጡ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ቡራኬው ሳያልቅም ወደ ሥራቸው ይሮጣሉ። ዓይኔን ስጨፍን ያልነበሩ፣ ስገልጥ የሌሉ ናቸው። ከኋላ ግን አንድ አሜን ነበረ። ሌላው ሰው ብሎ ከጨረሰ በኋላ ለብቻው የሚመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ መጨረሻው የሚንቀጠቀጥ አሜን። እሱን ሳልሰማ ወደሚቀጥለው ጸሎት አልሻገርም ነበር።

የዚያን እሁድ ስለ ታመሙት ጸለይኩ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔ ጠበቅኩ። ዝም ነው። ትንሽ ቆየሁ፤ አሁንም ዝም ነው። ዓይኔን ገለጥኩ። ጉባኤው እንደጨፈነ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ናት። ዙሪክ ያየሁት ፊት መጣብኝ።

ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ፣ ዲፕሎማት ቤት ምግብ የምትሠራ አንዲት ታላቅ እህት በጉባኤያችን አለች። ጸሎቱን እንደምንም ጨርሼ ወደ እሷ ሄድኩ።

«ኋላ የምትቀመጠው እህታችን የት ሄደች?»

«አሠሪዎቿ እኮ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ሥራ ብታጣ ጊዜ ሽሊረን ሰው አለኝ ብላ ሄደች። ምነው?»

«ማን ነው ስሟ?»

ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «እኔ እንጃ። እህቴ ነው የምላት። አንቺስ?»

እኔም እህቴ ነበር የምላት፤ ሁላችንም። እኛ ቤት ሁሉም ሰው እህት ወንድም ነው፤ ስም መጠየቅ ይዘነጋል።

«ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ?»

«አዎ፣ እዚህ ጋ። በልጅነቷ በር መቷት ነው አለችኝ። ምነው አልኩሽ?»

ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እሷ ያንን ጠባሳ አይታ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠይቃታለች። እኔ በዚያ አሜን እየተሻገርኩ ዞር ብዬ እንኳን አላየኋትም።

ደግነቱ ሟቿ አንድ ጊዜ በታላቂቱ እህታችን ስልክ እናቷ ጋ ደውላ ነበር። ቁጥሩ ተገኘ። መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። ታላቂቱ እህታችን ደወለችና ከልጅዎ ጋር አንድ ጉባኤ ነን፣ ዕቃ ልልክልዎ ነው፣ ሰፈርዎ የት ነው አለቻቸው። እናትየዋ በደስታ ምልክቱን አንድ በአንድ ነገሯት። ጎኗ ቆሜ ሳቃቸውን ሰማሁ። አዲስ አበባ ያለችው የሥጋ እህቴ የእድሩን ዳኛ ፈልጋ አገኘች፤ ጎረቤቶቻቸው ማለዳ ተሰብስበው ሄደው አረዷቸው። ስሟን ለፖሊስ የነገርነው ከእናቷ ተቀብለን ነው። ዙሪክ ተመልሼ «እሷ ናት» ስል ሰውዬው ቀድሞ ለምን አላውቃትም እንዳልኩ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እናትየዋ ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጠን ያለ ነው።

«ልጄ፣ ያየሻት አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከስታ ነበር ወይ?»

ከሳች ወይም አልከሳችም ለማለት የድሮውን ፊት ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የማውቀው ፊት የአስከሬን ክፍሉን ብቻ ነው።

«አልከሳችም እማማ። እንደ ድሮዋ ነበረች» አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ተመስገን። በሰው አገር የሚያውቃት ሰው አጥታ ሞተች ብዬ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት። ለካ አንቺ ነበርሽላት። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ።»

ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዓይኔን ጨፈንኩና አሜን አልኩ።